ገዢን የሚስብ ጽሕፈት

መርካቶ የሚለው ስም በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣልያኖች ቋንቋ የቀረ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ገበያ ማለት ነው። በዚሁ ገበያ ዛሬ ብዙ ወጣቶች የወላጆቻቸውን ዕቃ በቴሌግራም እየጻፉ ሲሸጡ እናያለን።

ብልህ ነጋዴ ጨርቁን ዘርግቶ ያስዳስሳል እንጂ በውዳሴ ብቻ አይሸጥም። ጸሐፊውም እንዲሁ የዕቃውን ዓይነት፥ ልኩንና ዋጋውን አስቀድሞ ይግለጥ፤ ነውር ቢኖረውም አይሸሽግ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ በሱቁ ዋጋውን እንዲያሳይ አዝዟል፤ ዋጋን ሰውሮ «በውስጥ መስመር ይጠይቁ» ማለት እንግዲህ ደንበኛን ማድከም ነው።

ወላጅም ልጁ የጻፈውን አስቀድሞ ይመልከት፤ ገዢው የሚያምነው የቤተ ሰቡን ስም ነውና። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል።