ያልተሠራ ቤት ስንገዛ ያለ መያዣ እያበደርን ነው

«አይታችሁ ብትገዙ ኖሮ» የሚለን ሰው ሰልችቶናል። ምክሩ የብልህ ይመስላል፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ያለቀለትን አፓርትመንት ዋጋ ባንድ ቀን ቆጥሮ የሚገባ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ሞያሌና ናይሮቢ፣ ቶጎ ውጫሌና ሐርጌሳ ተመላልሰን የምናገኘው ገንዘብ ቁርጥራጭ ነው። ዕቁብ ሲወጣ ይጨመርበታል፣ ጅዳ ያለችው እህታችን ስትልክ ይጨመርበታል። ገንዘባችን በቁርጥራጭ ስለሚመጣ በቁርጥራጭ የሚከፈልበት ቤት እንፈልጋለን። ይህ ሞኝነት አይደለም። ጉዱ ያለው ውሉ ላይ ነው።

ቁፋሮ ሳይጀመር 20 ወይም 30 በመቶ ከፍለን እንፈርማለን። በዚያ ገንዘብ ብረት ይገዛል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይከፈላል፣ አደባባይ ላይ ቢልቦርድ ይሰቀላል። ያንኑ ገንዘብ ባንክ ቢያበድራቸው መያዣ ይጠይቅ ነበር፣ ወለድ ይቆጥር ነበር፣ መሐንዲስ ልኮ ሥራው የት እንደደረሰ ሳያረጋግጥ ቀጣዩን ክፍያ አይለቅም ነበር። እኛ ግን መያዣ የለንም፣ ወለድም አናገኝም፤ ሳይቱን ልናይ ስንሄድ እንኳ ጥበቃው «ቢሮ ጠይቁ» ብሎ ከበር ይመልሰናል።

ዋጋውን እናስላ። የ8 ሚሊዮን ብር ቤት እንበል፤ 30 በመቶው 2.4 ሚሊዮን ብር ነው። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወደ 42,000 ዶላር ይሆናል። ቤቱ ሳይሠራ ቀርቶ «ገንዘባችሁን ውሰዱ» የተባልነው ዶላር 120 ሲገባ ከሆነ በእጃችን የሚገባው 20,000 ዶላር ነው። ግማሹ በላይ የት ሄደ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1751 ያስቀመጠው 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እንኳ ቢታሰብልን ይህን ጉድጓድ አይሞላውም። ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ ተመላሹ ያለ ወለድ እንደሆነ አስቀድመው አስፈርመውናል።

ሌላው የዋጋ ጭማሪ ነው። «ብረት ጨመረ፣ ሲሚንቶ ጨመረ፣ ከአቅማችን በላይ ነው» ይሉናል። ይኸው የ1952 ዓ.ም. ሕግ አንቀጽ 1794 ግን ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳልሆነ ይናገራል፤ ተዋዋዮቹ በግልጽ ሌላ ካልተስማሙ በቀር። ይህችን «ካልተስማሙ በቀር» የምትለውን ቀዳዳ እነሱ በደንብ ያውቋታል። ለዚህ ነው በ14ኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ የምታገኙት። ስትፈርሙ የሴልስ ሠራተኛዋ ቡና አዛላችሁ ስለ መዋኛ ገንዳው እያወራች ነው። (ልጅቷን አንወቅሳትም፤ ኮሚሽኗን ነው የምታየው።)

በእጃችን ካሉት ውሎች አንዱን ከፍተን ስናነብ፣ እኛ ክፍያ በ30 ቀን ብንዘገይ ቅጣት፣ ብንቀጥል ውል ማፍረስ፣ ከከፈልነውም ላይ ቆረጣ ነው። እነሱ ግን የርክክቡ ጊዜ የሚቆጠርባቸው የግንባታ ፈቃድ ካወጡበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ገንዘባችንን ከተቀበሉበት ቀን አይደለም። ፈቃዱን መቼ እንደሚያወጡ የሚያስገድድ መስመር የለም። እስከዚያ የኪራይ ቤታችን አከራይ በየዓመቱ ይጨምራል።

ሕጉ ለእኛም የሚለው አለ። አንቀጽ 2876 ገና ያልተሠራን ቤት ለማስረከብ የሚደረግ ውል የማይንቀሳቀስ ንብረት የሥራ ውል ነው ይላል። እንግዲህ ወረቀቱ «የሽያጭ ውል» ቢባልም እኛ የምናሠራ፣ እነሱ የሚሠሩ ናቸው። የሚያሠራ ሰው ደግሞ ከበር አይመለስም። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ ጸድቋል፤ ደግ ነው። የብዙዎቻችን ራስ ምታት ግን ከዚያ በፊት የተፈረመው ነው።

«በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው» ሲሉን ደግሞ ዴራ ሄደን ዕቃ የምንጭን ሰዎች መሆናችንን ይረሳሉ። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 8 መሠረት ያልተሠራ ቤት ገዢ ገንዘቡን የሚያስገባው ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ በተከፈተ የአደራ ሒሳብ ነው። ግንባታው በተራመደ ቁጥር ይለቀቃል፤ የገንቢው ሌሎች አበዳሪዎች ሊነኩት አይችሉም፤ ቤቱ ካለቀም በኋላ 5 በመቶው ለአንድ ዓመት ይያዛል። እዚያም ጣጣ አለ፣ አናጋንንም። ግን የአንዱ ሕንጻ ገንዘብ ለሌላው ሕንጻ ቁፋሮ እንዳይሄድ በሩ ተዘግቷል።

እኛም በንግዳችን ይህን አናጣውም። ጓንዡ ላለ አቅራቢ ኤል ሲ ስንከፍት ባንኩ የመርከብ ሰነዱ ሳይቀርብለት አይከፍልም። ለአንድ ኮንቴይነር ብርድ ልብስ ያለ ጥበቃ ለልጆቻችን ቤት ለምን ይከለከላል?

የምንጠይቀው ይህን ነው። ክፍያው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳይሆን ከወለል ጋር ይታሰር፤ ሦስተኛው ወለል ሲሞላ ሦስተኛው ክፍያ። ወለሉ መሞላቱን ገዢዎች የመረጡት መሐንዲስ ይፈርምበት። ቅጣቱ በሁለቱም በኩል እኩል ይሁን። ተመላሽ ካለ በወለድ ይሁን። ውጭ ሆነው በውክልና የሚገዙ ሰዎች ውሉ ከመፈረሙ ሳምንት በፊት ሙሉው ይላክላቸው፣ የመጨረሻው ገጽ ብቻ አይደለም።

«ውሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አይቀየርም» ይሉናል። ለ40 ገዢ አንድ ዓይነት ከሆነ 40ውም አንድ ላይ ሄዶ ያስቀይረው። በአንድ ሕንጻ የተመዘገባችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የሚቀጥለው ክፍያ ቀን ሳይደርስ ስልክ ተለዋወጡ፤ አንድ ጠበቃ በጋራ ያዙ፤ ደብዳቤውን በአንድ ላይ ፈርማችሁ በመዝገብ ቤት ቁጥር አስገቡ።