ትእዛዙ የሚጻፈው የት ነው?

ባለፈው ሴሚስተር የማኅበራችንን ድረ ገጽ ስናደራጅ የቀድሞ እትሞች አድራሻ ተለወጠ። ቀድሞ የተላከው አድራሻ ሁሉ የትም የማያደርስ ሆነ፤ አገር ቤት ያሉ ተማሪዎችም የጥናት ማስታወሻቸውን በፈተና ዋዜማ አጡ። ጥፋቱ የሰርቨሩ ሳይሆን የእኛ ስለሆነ ግለ ሂስ ይገባናል።

በአፓቺ ሰርቨር የአሮጌውን አድራሻ ጠሪ ወደ አዲሱ የሚመራው ሞድ ሪራይት የሚባለው ክፍል ነው። ራልፍ ኤንገልሻል በ1996 እ.ኤ.አ. ጽፎ በ1997 ለአፓቺ ቡድን ያበረከተው፣ ኃይለኛና አስቸጋሪ መሣሪያ ነው። በኮሚቴያችን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው መመሪያ ትእዛዙን በእዝባር ይጀምራል። ይህ በሰርቨሩ ዋና ማዋቀሪያ ውስጥ ትክክል ነው። እኛ ግን የጻፍነው ፎልደሩ ውስጥ ባለው ኤችቲአክሰስ ፋይል ነበር። እዚያ ሰርቨሩ የፎልደሩን መንገድ ከነፊተኛው እዝባር ቆርጦ ስለሚያነጻጽር ትእዛዙ ከቶ አይገጥምም፤ ስህተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም። ሕክምና የምንማር ሰዎች ይህን መሳታችን ያሳፍራል፤ መጠኑን ጽፎ በአፍ ይሰጥ በደም ሥር ያላለ የመድኃኒት ትእዛዝ ማን ይቀበላል?

ይባስ ብሎ ምክንያቱን ለመመርመር ያው መመሪያ «ሪራይትሎግ» የሚል መስመር በዋናው ማዋቀሪያ እንድናስገባ አዘዘን። መስመሩ በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.4 ጀምሮ ቀርቶ በሎግሌቭል የተተካ ስለሆነ ሰርቨሩ ጭራሽ አልነሳም አለ።

አንዳንድ አባላት መመሪያ ማረም የጸሐፊ ሥራ ነው፣ ለባለሙያ ይተው ይላሉ። አንስማማም። ባለሙያው የጎደለውን በልቡ እየሞላ ስለሚያነብ ጉድለቱን አያየውም፤ የሚያየው መሐል መንገድ ላይ የቆመው ጀማሪ ነው። ስለሆነም መመሪያው ለየትኛው ቅጂና ለየትኛው ፋይል እንደሆነ በአናቱ ይጻፍበት። ከዚያም ነገሩን ነክቶ የማያውቅ አባል እያነበበ ይሥራበት፤ ጸሐፊው አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ይበል (ይህ ለኛ ሰው ከባድ ነው)። አንባቢው በቆመበት ቦታ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። ቋሚው 301 በአንባቢዎች ብራውዘር ስለሚቀር መጀመሪያ በጊዜያዊው 302 ይሞከር። ደግሞም አንድ ገጽ ለማዛወር ሪዳይሬክት የሚለው ቀላል ትእዛዝ ይበቃል፤ የአፓቺ መመሪያ ራሱ ሞድ ሪራይት መቼ እንደማያስፈልግ የሚያስረዳ ገጽ አለው፤ የኛ ግን አንድ ቃል አላለም።

የታረመው ረቂቅ በማኅበሩ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰርቨር ምን እንደሆነ የማያውቅ አባል ቀድሞ እንዲወስደው እንጠይቃለን።