አሠልጣኝ የኪስ ፈታሽ አይደለም

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ ወላጆች «ለልጆቻችን የኳስ ቡድን የሚመጣው አዲስ አሠልጣኝ ሥርዓት እንዲያስይዛቸው ስልካቸውንም ይፈትሽ» ብለዋል። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን።

ነገሩ በሰው አገር ታይቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የበረዶ ሆኪ ቡድን ኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ ማይክ ባብኮክን በዋና አሠልጣኝነት ቀጠረ። ሰውዬው ተራ ሰው አይደለም፤ በ2008 ከዲትሮይት ጋር የስታንሊን ዋንጫ፣ በ2010 እና በ2014 ከካናዳ ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ነው። ታዲያ ገና ሥራ ሳይጀምር ተጫዋቾቹን በስልካችሁ ያለውን ፎቶ አሳዩኝ ማለቱ ተሰማ። «ለመተዋወቅ ነው» አለ። የተጫዋቾች ማኅበር ግን ጉዳዩን መረመረ። ሰውዬውም አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይመራ ሴፕቴምበር 17 ቀን ለቀቀ።

«አምበሉ እንኳ ነገሩ ተጋኗል ብሎ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ብሏል። ዳሩ ግን የሚያሰልፈውም ተቀመጥ የሚለውም አሠልጣኙ ሆኖ ሳለ፣ ማን ደፍሮ እንቢ ይላል? ትልልቆቹ እንዲህ ከሆኑ የ14 ዓመት ልጅማ ምን ይበል?

ልጁን ማወቅ የፈለገ አሠልጣኝ ሜዳ ላይ ይየው፤ ቤት መጥቶ ወላጆቹን ያነጋግር። ያረፈደውን ይቅጣ፣ የሰነፈውን ያሩጥ፤ እኛም ከጎኑ ነን። ኪስ መግባት ግን የለም!

ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሳትቀሩ ተገኝታችሁ ድምፃችሁን ስጡ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት