ያልተደረሰ ለቅሶ ዕዳ

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት፣ ከአዋቂዎች 49 በመቶ የሚሆኑት ወረርሽኙ ሲያበቃ ከሰው ጋር በአካል ወደ መገናኘት መመለሱ እንደሚያስጨንቃቸው ተናግረው ነበር። ከተከተቡት መካከል እንኳ ይህንኑ ያሉት 48 በመቶ ነበሩ። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ሊያስገርም ይገባል፤ በሽታውን የሚከላከለው መርፌ ጭንቀቱን አልነካውም።

በዚያው ወር የቴክሳስ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት የጭምብል ግዴታውን አንሥተው ንግድ ቤቶች ሁሉ ከማርች 10 ጀምሮ በሙሉ አቅማቸው እንዲሠሩ ፈቀዱ። ኤፕሪል 5 ቀን አርሊንግተን ውስጥ በግሎብ ላይፍ ፊልድ 38,238 ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ቤዝቦል ተመለከተ። ከማያውቁት ሰው አጠገብ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ያን ያህል አላስቸገረም ማለት ነው። በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ የከበደው የሚያውቀውን ሰው በር ማንኳኳት ነበር፤ ዛሬም ድረስ ከብዶት የቀረ ብዙ ነው።

ለዚህ ሁለት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የክሊኒክ ነው፤ ጭንቀት ነው፣ በጥቂቱ ይጀመር፣ ዛሬ ከአንድ ወዳጅ ጋር ቡና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከሦስት ጋር ምሳ። ሁለተኛው የሽማግሌዎች ነው፤ ሰዉ ፈረንጅ ሆኗል፣ ብቻውን መብላት ለምዷል፣ ልጆቹማ ጭራሽ ሰው ጠልተዋል። አንደኛው በርኅራኄ፣ ሁለተኛው በወቀሳ ይነገር እንጂ ሁለቱም ጥፋቱን የሚፈልጉት በቀሪው ሰው ነፍስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሰዎቹ የሸሹት ዕዳቸውን ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ለቅሶ መድረስ እንደ ስሜት መግለጫ ብቻ ታይቶ አያውቅም። ማን ደረሰ፣ ማን ቀረ፣ ማን እስከ ሠልስት ከረመ፣ በየቤቱ ይታወሳል፤ ብድር በምድር ነው። እድር ይህን ልማድ በደንብ አጽፎ፣ መዋጮ ወስኖ፣ ከቀብር የቀረ አባል መቀጫውን እንዲከፍል አድርጓል። ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በ2006 ስለ ኢትዮጵያና ታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ማኅበራት ግልጽ ደንብ ያላቸው የመድን ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። ይሉኝታ የሚባለውም የዚህ ሥርዓት ማስከበሪያ ነው። ይሉኝታን በሕመም ስም መጥራት የፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰውን ሰው ፍርሃት በኪኒን ለማከም እንደ መነሣት ይቆጠራል።

የዳላስ ካውንቲ ዳኛ ክሌይ ጄንኪንስ (ስሙ ዳኛ ይባል እንጂ ሥራው ካውንቲውን ማስተዳደር ነው) በማርች 2020 ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ ሲያዝዙ ይህ መዝገብ አልተዘጋም። ሰው መሞቱን ቀጠለ። ሆስፒታል ጠያቂ አያስገባም፤ ቀብር ጥቂት ሰው ብቻ ይቆምበታል፤ አገር ቤት እናቱ ያረፈችበት ሰው መሄድ አልቻለም፣ እዚህም ተሰብስቦ የሚያጽናናው አላገኘ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ባለዕዳ ሆነ። ሦስት ለቅሶ ያለፈው ሰው ከእነዚያ ሦስት ቤቶች በአንዱ ሠርግ ሲጠራ የሚያስፈራው ሕዝቡ ብዛት አይደለም። በሩ ላይ የሚገጥመው የመጀመሪያው ዝምታ ነው። ስለዚህ “ሥራ ነኝ” ይላል፤ መቅረቱም በፊተኛው ዕዳ ላይ አዲስ ይጨምራል።

በ1980ዎቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች በዕዳ ሲዘፈቁ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ያስተዋሉት ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ዕዳው ከአቅሙ ያለፈ ተበዳሪ የሚችለውን ጥቂት እንኳ ለመክፈል ምክንያት ያጣል፤ የከፈለው ሁሉ ከባለዕዳነት አያወጣውምና። አበዳሪዎቹም ከፊሉን ቢምሩ ሁሉም እንደሚጠቀሙ እያወቁ እያንዳንዱ ሌላው ቀድሞ እንዲምር ይጠብቃል። ቋጠሮው መፈታት የጀመረው በ1989 የወጣው የብሬዲ ዕቅድ አበዳሪዎችን አሰባስቦ ከዕዳው ከፊሉን በጋራ እንዲሰርዙ ሲያደርግ ነው። “በጥቂቱ ይጀመር” የሚለው ምክር ታዲያ የት ላይ እንደሚሰናከል ግልጽ ነው። አንድ ቡና አንድ ዕዳ ቢያቀል ሌሎቹን አይነካም፤ አስቀድሞ የወጣውም ሰው ወቀሳውን ሁሉ ብቻውን ይቀበላል።

ገንዘብ ተልኮ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ተልኳል። በጎፈንድሚ የተዋጣው ገንዘብ የስንቱን ቤት ቀብር አሸፍኗል፤ ይህን ማቃለል ነውር ነው። ነገር ግን በሁሉም ነገር ላይ ዋጋ መለጠፍ የሚወድ የምጣኔ ሀብት ትምህርት እዚህ ላይ ይስታል። ለሐዘንተኛ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሌላ ነው፣ 50 ዶላር ሌላ ነው፤ እድርም መዋጮውን ከፍሎ ከቀብር የቀረውን አባል የሚቀጣው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለማያይ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ከቤት ያልዋሉ አሉ። በአረጋውያን መጦሪያ ሲያስታምሙ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሲያመላልሱ፣ በመጋዘን ዕቃ ሲያነሡ የከረሙት በዚያን ጊዜ “ትንሽ ይቆዩ” እየተባሉ ከወዳጅ ቤት የተመለሱ ናቸው። እነርሱ አበዳሪዎች ናቸው፤ ይህን ሒሳብ ደግሞ ማንም አንሥቶላቸው አያውቅም።

አዲስ አበባም ገደብ ተጥሎባት ነበር። በኤፕሪል 2020 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከልክሏል። ሆኖም ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ሳይቀጣጠሩ በር ላይ ይገናኛሉ፤ ዕርቁ ሳይታወቅ ያልቃል። ከፎርት ዎርዝ እስከ ጋርላንድ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ አገር በአጋጣሚ የሚገናኝ የለም፣ እያንዳንዱ መገናኘት ታስቦበት የሚወሰን ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ በኖቬምበር 2020 የአገር ቤቱ ጦርነት ፈነዳ፤ ሰዉም ፊት ለፊት በማይተያይበት ሰዓት በፌስቡክ የወዳጁን የልብ ነገር አነበበ። አንዳንዱ ያነበበውን እንደ መቅረት በቀላሉ የሚረሳ አይደለም፤ ይህ የተለየ በደል ነው፣ የተለየ ሽምግልናም ይፈልጋል። ከለቅሶው ዕዳ ጋር ተደባልቆ መቅረቱ ግን ሁለቱንም የማይነኩ አደረጋቸው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ፤ ብዙው ያለ ለቅሶ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን። ለጤና ይበጃል አይበጅም የሚለውን ያን ጭስ የዋጠ ሰው ይከራከርበት። ቀን መኖሩ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት እሳት ስለሚያነድ አስቀድሞ የሚያነድ የለም። የኮቪድ ማብቂያ ግን በሜይ 5 ቀን 2023 ከጄኔቫ የተነገረ መግለጫ ሆኖ ቀረ።

ወቀሳው መድረስ ያለበት እንግዲህ ለእድር ሊቀ መናብርት፣ ለደብር ሰበካ ጉባኤያትና ለማኅበራት ቦርዶች ነው። አዳራሻቸውን ሲከፍቱ ያስታወቁት መከፈታቸውንና የተጠራቀመውን መዋጮ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው አይመጣም እያሉ ያማርራሉ። ባለዕዳን በዕዳው አስታውሶ መጥራት የሚያመጣው ውጤት ይኸው ነው። ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ እነርሱ ብቻ የሚችሉት። አንድ ቅዳሜ ይቁረጡ። ከማርች 2020 ጀምሮ ለቅሶ ሳይደረስላቸው የተቀበሩትን፣ አገር ቤት ያረፉትን ወላጆች ጨምሮ፣ ስማቸውን በየቤተሰቡ ይሰብስቡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚገባበት አዳራሽ ይከራዩ፣ ስሙ ሁሉ ይነበብ፣ የመጣውም ሰው በዚያ ቀን ለሁሉም ቤት እንደ ደረሰ ይቆጠር፤ ይህም አስቀድሞ በሐዘንተኞቹ ስም ይነገር።

ዘግይቷል ይባላል። እድርተኛ የሆነ ሁሉ ግን ዘግይቶ የደረሰ ሰው ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ወንበር ይሳብለታል፣ ውኃ ይቀርብለታል፣ የሞተው ሰው እንዴት እንደሞተ ከመጀመሪያው ይነገረዋል።