ርእሰ መስተዳድራችንን ማን መረጠው?



በዚህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድን ተማሪ «ወግ አጥባቂ» ብሎ መጥራት ከስድብ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን በተነሣው ክርክር ይህ ስም ሦስት ጊዜ ተሰጥቶኛል፤ በሦስተኛው ግን «አዎን፣ ነኝ» ብዬ ተቀበልሁት። ወግ አጥባቂ ስል ያለፈው ሁሉ ይመለስ የሚል ሰው ማለቴ አይደለም። የቆመውን ነገር ከማፍረሱ በፊት ለምን እንደ ቆመ የሚጠይቅ፣ ከተስፋ ቃል ይልቅ የሰውን ጠባይና የኋላ ሥራ የሚመለከት፣ ሹም በሹም ላይ ሲለዋወጥ ደስ የማይለው ሰው ማለቴ ነው። ይህ ኀጢአት ከሆነ ኀጢአተኛ ነኝ።

የክርክሩ ርእስ የክልል ርእሰ መስተዳድር አመራረጥ ነበር። ጓደኞቼ አሜሪካኖች የየግዛታቸውን ገዥ በቀጥታ ድምፅ እንደሚመርጡ ጠቅሰው፣ እኛም እንዲሁ እናድርግ አሉ። እኔ ይህንን ተቃወምሁ፤ ይሁን እንጂ አሁን ያለው አሠራርም ልክ ነው ለማለት አልደፈርሁም። በዚያ ሌሊት በሚገባ ያልተናገርሁትን ዛሬ በጽሑፍ ላስረዳ።

አስቀድሜ ወደ ኋላ ልመለስ። የምንማርባት ሐዋሳ የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ጠቅላይ ገዥ የሚሾመውም የሚሻረውም በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ብቻ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫን ሲፈቅድ፣ ገዥዎችን ግን ከምርጫ ውጭ አስቀርቷቸዋል። ጥሩ ገዥ ቢመጣ ዕድል ነው፤ ክፉም ቢመጣ እንደዚያው።

በዚሁ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር በወላይታ አውራጃ የሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ይሰጠኛል። በአሜሪካ አገር ተምረው የተመለሱት ገርማሜ ንዋይ የአውራጃው ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ መሬት ለሌላቸው ሰዎች መሬት ማደል ጀመሩ። ባለርስቶቹ ወደ ላይ አቤት አሉ፤ ገርማሜም ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። የወላይታን ገበሬ «ይኸን ሰው ልናነሣብህ ነው፣ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆነው የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ አደረጉ። እኔ በታኅሣሡ ሥራቸው አልስማማም፤ የፈሰሰው ደም ከባድ ነው። ነገር ግን ሹም ወደ ላይ ብቻ የሚጠየቅ ሲሆን ደጉም ክፉውም በአንድ ገመድ እንደሚጐተት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም።

አሁንሳ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛው የሥልጣን አካል ነው ይላል። ሕዝቡ ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ርእሰ መስተዳድሩን ይሰይማል። በጽሑፍ ሲታይ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ወግ አጥባቂነቴም ይኸንኑ እንድደግፍ ያደርገኛል። ችግሩ ያለው በመካከሉ ነው። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ፓርቲ ወስዷል። አንድ ፓርቲ እንዲህ ባሸነፈበት አገር ርእሰ መስተዳድሩ በእውነት የሚመረጠው ፓርቲው ዘግቶ በተቀመጠበት አዳራሽ እንጂ በምክር ቤቱ ጉባኤ አይደለም። በምክር ቤቱ የሚቀረው እጅ ማውጣትና ማጨብጨብ ነው። ደግሞም ይህ የአንድ ፓርቲ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ኢሕአዴግም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ዐይናችሁን ወደ አማራ ክልል መልሱ። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ዶክተር አምባቸው መኰንን፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለና አቶ አረጋ ከበደ በየተራ ርእሰ መስተዳድር ሆነው ተሾሙ። አምስት ሰው በአምስት ዓመት! የዶክተር አምባቸው በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. መገደል አገርን ያስለቀሰ መከራ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ለውጦች ጋር አላደባልቀውም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል የክልሉ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጐጃምና የወሎ ገበሬ የሹሙን ስም በራዲዮ እየሰማ ነው የተዋወቀው። አንድ ቢሮ እንኳ በየዓመቱ ኀላፊ ቢለወጥበት ፋይሉ ሳይጠፋ አይቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ የራሴን ቤት ጕዳይ ልናገር። በአባቴ ወላይታ፣ በእናቴ ሲዳማ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም በታቦር ክፍለ ከተማ ነው። አክስቴ በቀድሞው የደቡብ ክልል በአንድ ቢሮ ውስጥ ለ19 ዓመት ሠርታለች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከሻፌታና ከጎጆ አንዱን መርጣለች፤ የትኛውን እንደ መረጠች እስከ ዛሬ አልነገረችንም፤ እኛም አንጠይቃትም። ከመራጩ 98.5 በመቶ የሚሆነው ሻፌታን መረጠና ሲዳማ ክልል ሆነ። ሕዝብ በግልጽ ተጠይቆ በግልጽ የመለሰውን ነገር የሚነቅፍ ወግ አጥባቂ የለም፤ እኔም አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ያ ጥያቄ ስለ ክልሉ እንጂ ስለ ሰው አልነበረም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሥልጣኑ ሲተላለፍ አቶ ደስታ ሌዳሞ የመጀመሪያው ርእሰ መስተዳድር ሆኑ፤ እናቴም ስማቸውን በቴሌቪዥን ሰማች።

የአክስቴ ነገር ከዚህ በኋላ ይብሳል። ምርጫው በሰኔ 2013 ሲመጣ፣ ሐዋሳ ስለምትኖር ድምፅ የሰጠችው ለሲዳማ ምክር ቤት ነው፤ ደመወዝ የሚከፍላት ግን ገና በሐዋሳ ተቀምጦ የነበረው የደቡብ ክልል ነበር። ስለዚህ የእንጀራዋን ጕዳይ በሚወስነው ምክር ቤት ላይ ድምፅ አልነበራትም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀረው ደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በሳውላ፣ በጂንካና በካራት ተበተኑ። የአክስቴ ዕጣ አርባ ምንጭ ሆነ። ባልዋና ልጆችዋ እዚህ ናቸው፤ እርስዋ በወር አንድ ጊዜ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች። ሁለቱን ዋና ከተሞች አንድ ቦታ ማድረግ ይቻል እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ እኔ ልፈርድ አልችልም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ለርእሰ መስተዳድርነት የታሰበ አንድም ሰው አስቀድሞ በሕዝብ ፊት ቆሞ «ብሾም ሠራተኞቹን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ አክስቴ የምትወቅሰውም ሆነ የምታመሰግነው ሰው የላትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በቀጥታ ይመረጥ የሚሉትን ጓደኞቼን የማልከተለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ብሔረሰብ በሚኖርበት ክልል አንድን ሰው በቀጥታ ድምፅ ማንገሥ ማለት ቍጥሩ የበዛው ወገን ሁልጊዜ ያነግሣል፣ ትንሹ ወገን ሁልጊዜ ይመለከታል ማለት ነው። ደግሞ በቀጥታ የተመረጠ ሰው «እኔን ሕዝብ ራሱ መርጦኛል» እያለ ምክር ቤቱን ይንቃል፤ ምክር ቤቶቻችን አሁንም ደካሞች ናቸው፣ ጭራሽ እንዲሞቱ አልፈልግም።

የእኔ ሐሳብ ትንሽ ናት። ማናቸውም ፓርቲ ለክልል ምክር ቤት ሲወዳደር፣ ቢያሸንፍ ርእሰ መስተዳድር የሚያደርገውን ሰው ስም ከድምፁ ቀን በፊት ያስታውቅ። ጀርመኖችም በየክልላቸው መሪውን የሚመርጠው ምክር ቤት ነው፤ ቢሆንም ፓርቲዎቹ ዋና ዕጩአቸውን አስቀድመው ያሳውቃሉ፣ መራጩም ፊቱን አይቶ ይወስናል። ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥት መለወጥ አያስፈልግም፤ ፈቃደኛነት ብቻ ይበቃል። ሰውየው በመካከሉ ቢነሣም ምክንያቱ በምክር ቤቱ በግልጽ ስብሰባ ይነገር።

ይህ ከውጭ አገር የመጣ ሐሳብ ነው የሚለኝ ቢኖር ወደ እናቴ አገር ሰዎች እመራዋለሁ። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ከመቍረጣቸው በፊት «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰምታችኋልን?» ማለት ነው። ያልተሰማ ነገር አይቈረጥም። በሉዋ ሥርዓትም ጋዳና የሚሆነው ሰው በእኩዮቹ መካከል የታወቀ መሆን አለበት እንጂ በአንድ ሌሊት አይከሠትም። በፍቼ ጨምበላላ በዓል በጉዱማሌ ሽማግሌዎቹን በልብሳቸውና በጭፈራው ብቻ የምናደንቃቸው፣ አሠራራቸውን ግን ከአደባባዩ በር ላይ ትተን የምንገባው ለምንድን ነው?

አንድ ጓደኛዬ ግን እንዲህ ብሎ አስቸግሮኛል፦ «የዕጩው ስም አስቀድሞ ቢነገርም ተወዳዳሪ ፓርቲ ከሌለ ምን ይጠቅማል?» እውነቱን ለመናገር ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ስሙ አስቀድሞ የተነገረ ሰው ቢያንስ ለሁለት ወር ያህል ጥያቄ ይጠየቃል። በነበረበት ወረዳ ያገለገላቸው ሰዎች «እናውቀዋለን» ወይም «እናውቅሃለን» ይሉታል። እኔ ብጠይቀው የምጀምረው ስለ አስፋልትና ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አይደለም። በነበረበት ሥራ ስንት ዓመት እንደ ቈየ፣ የዋናው ኦዲተር ሪፖርት በመሥሪያ ቤቱ ላይ ምን እንዳለ፣ ከበላዩ የመጣን ትእዛዝ «አይሆንም» ያለበት አንድ ቀን እንዳለው እጠይቀዋለሁ። ለመጨረሻው ጥያቄ ዝም ካለ ድምፄን ለሌላ እሰጣለሁ፤ ሌላ ከሌለም ወረቀቱን ባዶውን እከታለሁ።

አክስቴ የፊታችን ቅዳሜ ከአርባ ምንጭ ትመጣለች። ይህን ጽሑፍ አነብላታለሁ፤ ትስቅብኝ ይሆናል። የሕግ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችና መምህራን ግን ከመሳቅ አልፈው፣ የዕጩውን ስም አስቀድሞ ማስታወቅ በሕግ ግዴታ ሊደረግ ይችል እንደ ሆነ ወይም በፓርቲዎች ፈቃድ ላይ የሚቀር እንደ ሆነ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉልን እለምናለሁ። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼም መልሳቸውን በዚሁ ገጽ ላይ ቢያወጡ አልቀየምም፤ ሌሊት ከመጮህ ይሻላል።