ማሳሰቢያ፦ የልጆቻችን ሐኪሞች ጥናት አይገዛም

ለዓዲ ሓቂና ለመላው መቐለ ነዋሪ፣ ከሁሉ በፊት ግን በዓይደር ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ ለምትማሩ ሐኪሞች።

የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) በሦስት ዓመት ትምህርቱ ውስጥ አንድ ጥናት ሠርቶ ማቅረብ ግዴታው ነው። ሌሊቱን በተረኝነት ያድራል፤ በማግስቱ ራውንድ ይጠብቀዋል። ጥናቱን የሚያስታውሰው መመረቂያው ሲቃረብ ነው። «እኛ ሠርተን እንሰጥሃለን» የሚሉ የሚመጡትም ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ብዙ ከተሞች ይህ የታወቀ ገበያ ሆኗል። እባካችሁ አትግዙ።

የሕፃናት ጥናት የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ከባድ ትኩሳት ይዞት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ያድናል ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲታመን ኖሯል። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም ግን ሌላ ነገር ታየ፤ ፈሳሹን በፍጥነት ከወሰዱት በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.5 ከመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 7.3 ከመቶ ነበሩ። በየዋርዱ የተመዘገበው ቁጥር የፈጠራ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

እኛም ዘንድ ምሳሌ አለ። ፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጸሩ። በፀሐይ እጦትና በምግብ ጉድለት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ፣ ሪኬትስ፣ ከታመሙት በ210ሩ ላይ ሲገኝ ከሌሎቹ በ20ዎቹ ላይ ብቻ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ይህ ሥራ እናቶች ፀሐይ በሞላበት አገር ልጆቻቸውን ለምን ሸፍነው እንደሚያሳድጉ የሚያውቅ ሐኪም የሚያነሣውን ዓይነት ጥያቄ የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከውጭ ተገዝቶ አይመጣም።

ዓይደር ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጦርነትና በከበባ መካከል፣ መድኃኒት ባለቀበት፣ የተራቡና የታመሙ ሕፃናትን ተቀብሏል። እነዚያ ልጆች ዛሬ እንዴት እያደጉ ነው? ይህን በትክክል ሊመልስ የሚችለው እዚያው የሚያክማቸው ወጣት ሐኪም ነው። መልሱ በፈጠራ መረጃ ከተሞላ ግን የእነዚያ ልጆች ታሪክ ተቀብሮ ይቀራል።

ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ምርመራ በቀናት ውስጥ «ተቀብለናል» ከሚሉ መጽሔቶችም ተጠንቀቁ። ለማሳተም ከመክፈላችሁ በፊት አማካሪያችሁን አማክሩ።

ጥፋቱን ሁሉ በሬዚደንቱ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። ጊዜ ሳይሰጡት፣ ስታቲስቲክስ በወጉ ሳያስተምሩት፣ አማካሪው ረቂቁን ሳያነብለት «ተመራማሪ ሁን» ማለት ወደ ገበያው መግፋት ነው። የክፍል ኃላፊዎች፣ ከተረኝነት ነፃ የሆኑ የጥናት ሳምንታት ስጧቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን በጥናት እንድታሳትፉ ስትጠየቁ አትደንግጡ፤ ዝም ብላችሁም አትፈርሙ። የስምምነት ቅጹ በምትረዱት ቋንቋ፣ በትግርኛ ከሆነ በትግርኛ፣ ይነበብላችሁ። ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆት እንደሆነ ጠይቁ። እምቢ ማለት፣ ከጀመራችሁም በኋላ ማቋረጥ መብታችሁ ነው። በዚህ ምክንያት የልጃችሁ ሕክምና ሊጓደል አይገባም፤ ከተጓደለ ለኮሚቴው አቤት በሉ።