የምሩቃን ወንበር ይውረድ

«ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንዴት ከተማረ ሰው እኩል ድምፅ ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ በተማሪ መካከል ሲነሣ ሰምተን እናውቃለን። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። አገሩ ታሳዝነዋለች፤ እውቀት ቢከበር ነገር ሁሉ የሚቃና ይመስለዋል። ታዲያ ምን ይደረግ ሲባል፣ «ለተማረው ትንሽ ይጨመርለት» ይላል። እኛ ደግሞ በባዶ ሜዳ ከምንከራከር ይህንኑ ሐሳብ በሕገ መንግሥቷ ጽፋ ከ70 ዓመት በላይ የሠራችበትን አገር እንይ እንላለን። አገሪቱ ሕንድ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቆጥረው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ሕንድ 28 ግዛቶች አሏት። ሁሉም በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ የሚመረጥ ምክር ቤት አላቸው። ስድስቱ ግን፣ ማለትም ኡታር ፕራዴሽ፣ ቢሃር፣ ማሃራሽትራ፣ ካርናታካ፣ አንድራ ፕራዴሽና ቴላንጋና፣ በዚያ ላይ «ቪድሃን ፓሪሻድ» የሚባል ላይኛ ምክር ቤት ደርበዋል። ጉዳያችን የዚህ ላይኛ ቤት አመራረጥ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 171 ወንበሮቹን እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመድባቸዋል። ሲሶውን የማዘጋጃ ቤትና የአካባቢ ምክር ቤት ተመራጮች ይመርጣሉ። ሌላውን ሲሶ የታችኛው ምክር ቤት አባላት ይመርጣሉ። ከ12 አንዱን እጅ መምህራን፣ ከ12 አንዱን እጅ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ይመርጣሉ። የቀረውን አገረ ገዢው ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሳይንስ፣ ከኪነ ጥበብ፣ ከኅብረት ሥራና ከማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች መካከል ይሾማል። የአባላቱ ዘመን 6 ዓመት ነው፤ በየ2 ዓመቱ ሲሶው ይወጣና በሌላ ይተካል።

ቢሃርን እንውሰድ። ላይኛው ቤት 75 ወንበር አለው። 27ቱን የታችኛው ቤት አባላት፣ 24ቱን የአካባቢ አስተዳደር ተመራጮች፣ 6ቱን መምህራን፣ 6ቱን ምሩቃን ይመርጣሉ፤ 12ቱ ይሾማሉ። ለሩዝ ገበሬው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለልብስ አጣቢው የተመደበው ወንበር ስንት ነው? አንድም የለ! «ገበሬው የመረጣቸው ሰዎች ይመርጡለት የለም ወይ?» ይባል ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን ለምሩቁም እነዚያው ሰዎች ይመርጡለታል። ገበሬው እዚያ ላይ ሲያበቃ ምሩቁ በቀጥታ ይጨመርለታል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ!

ምሩቁ ከተመረቀ 3 ዓመት ሲሞላው፣ በግዛቱ ነዋሪ ከሆነ፣ አመልክቶ በልዩ መዝገብ ይመዘገባል። ለታችኛው ቤት እንደማንኛውም ዜጋ ይመርጣል፤ ለላይኛው ቤት ደግሞ እንደ ባለ ዲግሪ ይመርጣል። ምሩቅ ሆኖ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከሆነማ ሦስተኛ ድምፅ በመምህርነቱ ያገኛል። ግን ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። በመምህራን ወንበር ለመምረጥ ከሁለተኛ ደረጃ በማያንስ ትምህርት ቤት ማስተማር ግዴታ ነው። ለሕፃኑ ፊደል ያስቆጠረው፣ ከአቧራና ከጠመኔ ጋር ሲታገል የኖረው የአንደኛ ደረጃ መምህር ከዚህ መዝገብ ውጭ ነው! እውቀትን ለማክበር የተሠራ ወንበር የእውቀትን በር የከፈተውን ሰው ውጭ ያስቀራል። ይህ የእውቀት ክብር ነው ወይስ የማዕረግ?

የሚገርመው ይኸው ሕገ መንግሥት በዚያው ዘመን ትልቅ ጀግንነት ሠርቷል። በ1951 በተደረገው ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕንዳዊ ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነበር። ይህ እየታወቀ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የመምረጥ መብት አገኘ። በመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ፣ በ1951 እና በ1952፣ ማንበብ የማይችለው ሰው እንዳይቸገር በየሣጥኑ ላይ የተወዳዳሪው ምልክት ተለጠፈ። ሕዝቡም ምልክቱን አይቶ ወረቀቱን ጨመረ። ያልተማረ አይመርጥም የሚለው ተረት ያን ጊዜ ነው የሞተው። ታዲያ በአንድ እጁ ሕዝቡን ያመነ ሕግ በሌላ እጁ ለምሩቁ ጉርሻ መስጠቱ ለምን አስፈለገው?

ሐሳቡ ደግሞ ከቅኝ ገዢው ቤት የወጣ ነው። ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ከ1603 ጀምሮ የራሳቸው የፓርላማ ወንበር ነበራቸው። እንግሊዝ ይህን የዩኒቨርሲቲ ወንበር በ1948 በወጣ ሕግ ሻረችው፤ በ1950 ምርጫ ጨርሶ ጠፋ። ሕንድ የምሩቃንን ወንበር በሕገ መንግሥት ያጸደቀችው በኅዳር 1949 ነው። ጌታው አውልቆ የጣለውን ካባ ነጻ የወጣው ሰው አንሥቶ ለበሰ ማለት ነው።

የወንበሩ ደጋፊዎች ግን ዝም አይሉም። «ታችኛው ቤት ስሜታዊ ነው፤ ሕግ ሲወጣ ሰከን ብሎ የሚመለከት ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል» ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ችኩል ሕግ አገር ይጎዳል። ግን ይህ ሁለተኛ ዓይን ምን ያህል ያያል? የገንዘብ ሕግን ማቆየት የሚችለው 14 ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ሕግ መጀመሪያ 3 ወር፣ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ 1 ወር ቢያቆይ ነው። ከዚያ በኋላ የታችኛው ቤት ፈቃድ ይጸናል።

በሥራ ላይስ? ላይኛው ቤት የሊቃውንት ሸንጎ ከመሆን ይልቅ የጓሮ በር ሆኖ ሲያገለግል አይተናል። በ1952 ራጃጎፓላቻሪ በማድራስ የመንግሥት መሪ የሆኑት ሕዝብ ፊት ቀርበው ሳይወዳደሩ አገረ ገዢው ለላይኛው ቤት ሾሟቸው ነው። በ2017 ዮጊ አዲትያናት የኡታር ፕራዴሽ ርዕሰ መስተዳድር ከሆኑ በኋላ የገቡት በላይኛው ቤት በኩል ነው። በ2020 የማሃራሽትራው ኡድሃቭ ታክሬ ሥልጣናቸውን የሚያጸና ወንበር ያገኙት እዚያው ቤት፣ ያለ ተቀናቃኝ ነው። ሁሉም በሕጉ መሠረት ነው፤ ማንም ሕግ ጣሰ አንልም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ በሩን የሠራው ሕጉ ራሱ ነውና።

የአንድራ ፕራዴሽ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። ላይኛው ቤት በ1985 ፈረሰ፤ በ2007 ተመልሶ ቆመ። በጥር 2020 የመንግሥትን ሦስት ዋና ከተሞች የማቋቋም ዕቅድ ስለገታ የታችኛው ቤት እንዲፈርስ ወሰነ። በኅዳር 2021 ያው የታችኛው ቤት ውሳኔውን ሳበው። አያችሁ? ቤቱ ሁለተኛ ዓይን ሆኖ ሥራውን ቢሠራ ሊያፈርሱት ተነሡ። ሕዝብ በቀጥታ ያልመረጠው ቤት፣ ሊያፈርሱት ሲመጡ «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆምለት ሕዝብ የለውም። ምዕራብ ቤንጋልና ፑንጃብ በ1969 በወጡ ሕጎች፣ ታሚል ናዱ በ1986 ላይኛ ቤታቸውን ዘግተዋል። ሰማይ አልወደቀም።

አንድ ማነጻጸሪያ እንጨምር። በ2011 ቆጠራ ከሕንድ ግዛቶች ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ያነሰባት ቢሃር ነበረች፤ ከመቶ 62 ያህል። ከሁሉም የበለጠችው ኬረላ ነበረች፤ ከመቶ 94 ያህል። የምሩቃን ወንበር ያላት የትኛዋ ናት? ቢሃር! ኬረላ በ1956 ከተመሠረተች ጀምሮ ላይኛ ቤት ኖሯት አያውቅም። ወንበሩ መሃይምነትን አመጣ አንልም። ነገር ግን ለምሩቅ ወንበር መስጠትና ሕዝብን ማስተማር ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ?

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። በአገራችን የምሩቃን ወንበር የለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾመው ንጉሡ ራሱ ነበር፤ ዲግሪም ሆነ ገበሬ አልተጠየቀም። ሐሳቡ ግን ከእኛው አፍ ይወጣል። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሕዝብ አለን። ይህ አባባል የሕዝቡ ትሕትና ነው እንጂ የእኛ ደረሰኝ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ የጠየቁት መሬት ለአራሹ ነበር። ለባለ ዲግሪ ተጨማሪ ድምፅ ብለው አልተሰለፉም። እኛ ከእነሱ የምንሻልበት አንዳች ነገር ቢኖር፣ ለራሳችን ወንበር በመለመን አይደለም።

ወገኖቻችን! እውቀት በሕግ ውስጥ ድምፅ ይኑረው ባዮች ነን፤ ከማንም በላይ። ግን የእውቀት ድምፅ የሚሰማው በማስረዳት፣ በመጻፍ፣ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ ስሕተቱን በአደባባይ በማሳየት ነው። ሁለተኛ ምክር ቤት ያስፈልጋል ከተባለም ይቋቋም፤ መራጩ ግን ሕዝቡ ይሁን። ምሩቁ እዚያ መቀመጥ ከፈለገ ገበያ መሐል ቆሞ፣ ፊደል ላልቆጠረችው ባልቴት ሐሳቡን በሚገባት ቋንቋ ያስረዳ፤ ድምፅዋንም ይለምን። ማስረዳት ካቃተው ችግሩ ከእሷ መሃይምነት አይደለም። ማስረዳት ከቻለ ደግሞ ሁለተኛ ድምፅ ምን ያደርግለታል?